መሪና ተመሪ በገደል አፋፍ

በአማርኛ «መሪ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን በአንድነት ይጠራል። አንደኛው አገርን ወይም ድርጅትን የሚመራው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዱላውን ይዞ ከፊት እየቀደመ፣ እንግዳን በማያውቀው አገር የሚያሻግረው መንገድ መሪ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዘምሯል። ስለ ሁለተኛው የሚጽፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ከሁለተኛው ዘንድ ይገኛል ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ለመሆኑ መሪ ለሚከተሉት ሰዎች ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? ተመሪውስ በበኩሉ ለመሪው ምን ይከፍላል? ይህን ጥያቄ በጉባኤ አዳራሽ ከመመርመር ይልቅ በገደል አፋፍ ላይ ቆሞ መመርመር ይበጃል። በአዳራሽ ውስጥ የተሳሳተ መሪ ንግግሩን ያርማል፤ በአፋፍ ላይ የተሳሳተ ግን ሰው ያስገድላል።

የደቡብ ጎንደር ደጋ ለዚህ ምርመራ የተመቸ አገር ነው። ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ በኩል ከ4100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ጉና፣ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ይልካል። በደቡብ በኩል አባይ አገሩን ከጎጃም ይለየዋል፤ በምሥራቅ ደግሞ የጋይንት ውሃ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረደ ከአባይ ይገናኛል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ የተነባበረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደጋውን እንደ ሰፊ ሰሌዳ ዘርግቶታል፤ ወንዞቹ ደግሞ ይህንኑ ሰሌዳ እስከ ሥሩ ድረስ ሰንጥቀውታል። ስለዚህ የገብስ ማሳ እያየ በሜዳ የሚጓዝ እንግዳ ሜዳው የት ላይ እንደሚያልቅ አስቀድሞ አያውቅም። አገሩ በድንገት ከእግሩ ሥር ይጠፋል፤ ከታች ሌላ አገር፣ ሌላ አየር፣ ሌላ አዝመራ ይታያል።

ከደብረ ታቦር ማልዶ ተነሥቶ ማታ ለመመለስ የሚወጣ አንድ የመምህራን ቡድን በሐሳብ እንውሰድ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወልድያ የሚደርሰውን፣ ቻይናውያን ስለሠሩት ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና ይዘው ይጓዛሉ። ከዚያም ከመኪና ወርደው በእግራቸው ወደ አፋፉ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ መኪናም፣ ካርታም፣ የትምህርት ማስረጃም አያገለግልም። የሚያገለግለው ጋቢውን በትከሻው ጣል አድርጎ ከፊት የቆመው የአገሩ ገበሬ ብቻ ነው። እርሱ አንዱን ድንጋይ በዱላው ነካ አድርጎ ይረግጠዋል፤ ሌላውን ሳይነካው ያልፈዋል። የተማሩት ሰዎች ለምን ብለው አይጠይቁም፤ የረገጠውን እየረገጡ፣ የዘለለውን እየዘለሉ ይከተሉታል። ዕድሜውንና ስሙን እንኳ በቅጡ ለማያውቁት ሰው ነፍሳቸውን በአደራ ሰጥተዋል።

ከመካከላቸው ወጣቱ መምህር ወደ ታች ተመልክቶ፦

«አያ፣ ታች ወንዙ ድረስ ለመውረድ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ይጠይቃል።

መሪው ወንዙን አያይም። ዘወር ብሎ ከኋላ የቀረውን ወፍራሙን ሰውና ጫማው የማይመቸውን ሴት መምህር ይመለከታል።

«መውረዱን ተዉት፣ መምህር። መውጣቱን ጠይቁ።»

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ስለ አመራር የተጻፉ አያሌ መጻሕፍት የዘነጉት ቁም ነገር አለ። ተከታይ የሚያየው ቁልቁለቱን ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ ሁልጊዜ ደስ ይላል። ነፋሱ ይገፋል፣ ጉልበቱ ትኩስ ነው፣ ጨዋታው ደርቷል። መሪው ግን ቁልቁለቱን የሚለካው በአቀበቱ ነው። ስንት ሰዓት ፀሐይ ይቀራል? ውሃው ለስንት ሰው ይበቃል? ከሁሉ ደካማው ሰው እስከ የት ወርዶ መመለስ ይችላል? የሁሉም መንገድ በዚያ በደካማው ሰው ጉልበት ይወሰናል። የቀን ጉዞ ማለት ደርሶ መልስ ማለት ነውና፣ ወደ ታች አውርዶ መመለሻውን ያላሰበ ሰው መንገድ መሪ ሊባል አይችልም።

ይህን ሚዛን ይዞ ወደ ታሪክ መመለስ ቀላል አይደለም። መምህራኑ የሚጓዙበት አቅጣጫ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሄዱበት ነውና። ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቀው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ያቀለጡት፣ «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ይህን ብረት በጋይንት አሳልፎ፣ ጨጨሆን አውጥቶ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች አውርዶና አውጥቶ መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ለመንኮራኩር የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ገደሉ እየተፈለጠ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ መንገዱ ከጉዞው ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በቅርብ ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። እንግዲህ መሪ አስቀድሞ ይርገጥ፣ ከሸክሙም ይካፈል የሚለውን ሕግ ከቴዎድሮስ ይበልጥ የፈጸመ ንጉሥ በቀላሉ አይገኝም።

ነገር ግን ሙት ወቃሽ ሳይሆኑ ሊናገሩት የሚገባ ሌላ እውነትም አለ። ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋት ነበር። በዘመናቸው መጀመሪያ አገር ያንቀጠቀጠው ሠራዊት በኩብለላና በዐመፅ ከድቷቸው፣ አብሯቸው የተጓዘው የቀድሞው ጥላ ብቻ ነበር። ከፊት ገደል፣ ከኋላ ዐመድ ሆነ። በዚያ ጉዞ ላይ ከተከታዮቹ አንዱ «ጌታዬ፣ መውጣቱስ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ የሚያገኘው መልስ ምን ነበር? መንገዱም ራሱ መራራ ምፀት ሆነ። ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በላስታ አቅጣጫ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ቤተ ሖር አጠገብ ሲደርስ የንጉሡን መንገድ አገኘና፣ በዚያው በቴዎድሮስ ጎዳና የጅዳን ገደል ወርዶ ወደ መቅደላ ገሠገሠ። መንገድ የሚሄድበትን ሰው አይመርጥም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ለጠላት እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ያ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰበት መድፍ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። «ታላቅ ሰው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይለካም፤ አገርን ከጨለማ ለማውጣት የሚነሣ መሪ መመለሻውን እያሰላ ከሆነ አንድ እርምጃም አይራመድም፤ ታሪክ መሥዋዕትነትን ይጠይቃል» የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ገደል ሳይወርድ ማዶ የደረሰ የለም። የመንገድ መሪው ሥራም ከአደጋ የራቀ አይደለም፤ ጎርፍ የወሰደው፣ ናዳ የገጨው ብዙ ነው።

ሆኖም የመሥዋዕትነት ሐሳብ ራሱ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። መሥዋዕት የሆነው ሰው የገደሉን ጥልቀት አስቀድሞ ያውቅ ነበርን? ወዶ ከወረደ ክብሩ የራሱ ነው። ሳያውቅ ከተመራ ግን መሥዋዕት ሆነ ማለት አይቻልም፤ ተሠዋ እንጂ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም ወዲህ በዚህች አገር ብዙ ወጣት «ማዶው ቅርብ ነው» እየተባለ ቁልቁለት ወርዷል፤ የጠሩት ግን የአቀበቱን ርዝመት አልነገሩትም። እናቶቹ ዛሬም ድረስ የጎደለውን ይቆጥራሉ። እንግዲህ የመሪ ሁለተኛው ዕዳ ይህ ነው፤ ጥልቀቱን በትክክል መናገር። ቀድሞ መርገጥ የጀግንነት ጉዳይ ሲሆን እውነቱን መናገር የፍትሕ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ቢቆም ተከታዩን በአድናቆት አሳውሮ ወደ ገደል ይወስደዋል።

እውነቱን የመናገር ዕዳ ያለፈውንም ይጨምራል። ጋፋት ላይ ቆሞ ለተማሪዎች የሚናገር አስጎብኚ በሁለት ፈተናዎች መካከል ይቆማል። አንዱ ፈተና ሁሉንም ለአውሮፓውያኑ መስጠት ነው፤ ብረቱን ያቀለጡት እነርሱ ብቻ ናቸው ብሎ ማለፍ። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ሁሉንም ለንጉሡ መስጠት ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴዎድሮስን በየድርሰታቸው ሕያው አድርገዋቸዋል፤ ለዚህም የአገሪቱ ሥነ ጽሑፍ ባለዕዳቸው ነው። ነገር ግን ከመድረኩ መሐል የቆመው ሰው ብርሃኑን ሁሉ ሲወስድ፣ ገመዱን በትከሻው አድርጎ መድፉን የጎተተው ሰው በጨለማ ይቀራል። ከሸለቆው ውስጥ ሰባት ቶን ብረት ያወጣ ሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ ትከሻ ነበር። የዚያን ትከሻ ባለቤት ስም ማንም አልጻፈውም። ስሙን ማወቅ ባይቻል እንኳ መኖሩን መናገር ግን ይቻላል። ይህን የማይናገር አስጎብኚ ጎብኚውን ጋፋት አድርሶት ጋፋትን ሳያሳየው ይመልሰዋል።

ሦስተኛው ዕዳ ምናልባት ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም መሪ ራሱ መመራትን ማወቁ ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የወጡትም ገበሬውን ሊያነቁ፣ ፊደል ሊያስቆጥሩ፣ የመሬትን ዐዋጅ ሊያስረዱ ነበር። ያ ዓላማ የከበረ ነበር። ይሁን እንጂ የወንዙን መሻገሪያ፣ የዝናቡን ወራት፣ የጎረቤትን ቂምና ዕርቅ የሚያውቀው የባላገሩ ልጅ ነበር። ከዘማቾቹ መካከል ይህን የተረዳው ሰጥቶም ተቀብሎም ተመለሰ። ያልተረዳው ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ ብቻውን ሲናገር ዋለ። ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ የሆነ ሰው፣ ምንም ያህል መጽሐፍ ቢያነብ፣ ስለሚረግጠው ድንጋይ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።

እስካሁን የተነገረው የመሪው ዕዳ ነው። የተመሪውስ? ለዚህ የጀምስ ብሩስ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ የአባይን ምንጭ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ወደ ሰከላ ሲሄድ፣ ዋረኛ ፋሲል ወልዶ የተባለ መንገድ መሪ ሰጥቶት ነበር። ከምንጩ አጠገብ ሲደርሱ ወልዶ የታመመ መስሎ ወደ ኋላ አለ። በመጨረሻም ብሩስ ወገቡን የታጠቀበትን ቀይ የሐር መታጠቂያ ፈቶ ሰጠውና ስፍራውን አሳየው። ብሩስ ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790፣ በአምስት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሲተርክ አንባቢ በወልዶ ስግብግብነት ይስቃል። ነገር ግን ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ብሩስ በመታጠቂያ የገዛው ዘላለማዊ ዝናን ነው። ከእርሱ 152 ዓመት ቀደም ብሎ ምንጩን ያየውን ፔድሮ ፓኤዝን እንኳ ሐሰተኛ ለማሰኘት ብዙ ደክሟል። በምንጩ ዳር የሚኖረውና ውሃውን የሚያከብረው የአገው ሕዝብ ግን ከማንም በፊት እዚያው ነበር። «ተገኘ» የሚለው ቃል እዚያ ለማይኖር ሰው ብቻ የሚያገለግል ቃል ነው። ታዲያ ከሁለቱ የበለጠ የተጠቀመው ማን ነው?

ለብሩስ ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ ወልዶን በስሙ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ተጓዦች ግን «አንድ አስጎብኚ»፣ «አንድ የአገሬው ሰው» ብለው ያልፋሉ። የተመሪ የመጀመሪያ ዕዳ እንግዲህ የመሪውን ስም አለመዘንጋት ነው። ዋጋ መክፈል ይህን አይተካም። ሸለቆውን የሚያሳየው ገበሬ የሚቀበለው ገንዘብ ለዋለበት ቀን የሚከፈል ነው፤ አባቱና አያቱ ያስተማሩት ዕውቀት ግን በዕለት ሒሳብ አይዘጋም። ሁለተኛው ዕዳ ደግሞ የተማሩትን መንገድ ለሌላ ማስተማር ነው። የተመራ ሁሉ አንድ ቀን መሪ ካልሆነ የመሪው ድካም በእርሱ ዘንድ ይቆማል።

ወደ መምህራኑ እንመለስ። ከአፋፉ በታች፣ በገደሉ ግድግዳ ላይ፣ እረኞች ከዝናብ የሚጠለሉበት ዋሻ አለ። ጣሪያው በጭስ ጠቁሯል፤ መሬቱ በፍየል በጠጥ ተሸፍኗል። እንዲህ ያሉ ዋሻዎች በደጋው አገር በየገደሉ ናቸው። በሰላም ጊዜ የእረኛና የባሕታዊ፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ የስደተኛ ቤት ይሆናሉ። የታሪክ መምህር የሆነ ሰው እዚህ ጥላ ሥር አረፍ ሲል በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ አካባቢ፣ ዘረት ላይ ያለውን ሌላ ዋሻ ማስታወሱ አይቀርም። ያን ዋሻ ሕዝቡ «አመፀኛ ዋሻ» ይለዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. አርበኞች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በተጠለሉበት በዚያ ዋሻ የኢጣሊያ ጦር ከቦ የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመባቸው፤ ከጋዙ ሸሽተው የወጡትን ደግሞ ብዙዎቹን በጥይት ፈጃቸው። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በአገሩ ቤተ መዛግብት ያገኘውን ሰነድ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው ድረስ ሲሄድ የሟቾቹ አጽም በዋሻው ውስጥ ነበር። ዓለም ነገሩን እንደ አዲስ ግኝት ሰማው። የአካባቢው ሕዝብ ግን ስሙን ከነምክንያቱ 67 ዓመት ሙሉ ጠብቆት ኖሯል። የወልዶ ታሪክ እዚህም ተደገመ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተጠበቀው ምንጭ የደም ነበር።

እንዲህ ያለውን ስፍራ ማስጎብኘት ይገባልን? አይገባም የሚል ሰው ጠንካራ ምክንያት አለው። የሰው አጽም ዐፈር ይለብሳል እንጂ ለዓይን አይሰጥም፤ በሞት ጉድጓድ ደጃፍ ፎቶግራፍ መነሣትም ነውር ነው። ይገባል የሚለውም ምክንያት አለው፤ ያልታየ ግፍ ይካዳል፤ የተካደ ግፍ ደግሞ ይደገማል። በሁለቱ መካከል የሚፈርደው የሄደው ሰው ስሜት አይደለም፤ የመሪው አኳኋን ነው። ጎብኚውን ተመልካች አድርጎ ያስገባው መሪ ሙታኑን ይሸጣል። ምስክር አድርጎ ያስገባው ግን ሙታኑን ያስከብራል። ተመልካች ያየውን ይዞ ይሄዳል፤ ምስክር ባየው ነገር ይያዛል። መሪው ደጃፉ ላይ ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ገደለ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲናገር፣ ይህን ልዩነት ያለ ትምህርት ቤት ያስተምራል።

ስለዚህ ጉዳዩ የገበሬው ብቻ አይደለም። መምህር በክፍሉ፣ ካድሬ በስብሰባው፣ ደራሲና ተዋናይ በመድረኩ እያንዳንዳቸው ሰውን ወደማያውቀው ስፍራ ይወስዳሉ። ተውኔት ተመልካቹን ወደ ገደል አውርዶ የጨለማውን መልክ ካሳየው በኋላ መውጫውን ሳይጠቁመው መጋረጃ ሊጥል ይችላል። መምህርም ተማሪውን አስደንቆት፣ አንድ ድንጋይ እንኳ ብቻውን እንዲረግጥ ሳያስችለው ሊሸኘው ይችላል። ካድሬም የቁልቁለቱን ዘፈን አዘፍኖ አቀበቱ ሲጀመር ላይገኝ ይችላል። ለሦስቱም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስንት ይዛችሁ ወረዳችሁ? ስንት ይዛችሁ ወጣችሁ?

ፀሐይ ከጉና ጀርባ ስታዘቀዝቅ መምህራኑ እያለከለኩ አፋፉ ላይ ይደርሳሉ። ጎበዞቹ ቀድመው ወጥተው ወደ መኪናው ይጣደፋሉ። መሪው ግን አልተንቀሳቀሰም። ዱላውን ተደግፎ ወደ መጣበት ቀጭን መንገድ እያየ በጣቱ ይቆጥራል። «አንድ ይቀራል» ይላል። ማንም አላስተዋለም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጫማዋን በእጇ የያዘችው መምህር ከመታጠፊያው ብቅ ስትል ወርዶ እጇን ይይዛታል።

«አሁን ሞላን» ይላል።

ከዚያ በኋላ ነው ዋጋውን የተቀበለው። ጋቢውን አጣፍቶም፣ ለራሱ ቤት በቀረው መንገድ በጨለማ ብቻውን ሄደ።